ብሮኒስላቭ ሁበርማን፤ ቫዮሊኑን ለወገኑ መትረፊያ ያደረገ ሙዚቀኛ

አንድ ልጅ ከእኩዮቹ የበለጠ ስጦታ የታየበት እንደ ሆነ በወላጆቹ ልብ አስቀድሞ የሚገባው ደስታ ነው። ከደስታው በኋላ ግን ጥያቄ ይከተላል። ይህ ስጦታ የማን ነው? የልጁ ብቻ ነውን? ያሳደገው የቤተ ሰቡ ነውን? ወይስ ልጁ ገና ያላያቸውና ስማቸውን ያልሰማቸው ሰዎች ከዚህ ስጦታ የሚደርሳቸው ድርሻ አለን? ይህን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮው የመለሰ የአንድ ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ሰውየው ብሮኒስላቭ ሁበርማን ይባል ነበር፤ ሙያውም ቫዮሊን መጫወት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

የእኛን አገር ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ቫዮሊንን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱም የሚመቱት የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ነው። ነገር ግን ማሲንቆ አንድ አውታር ሲኖረው ቫዮሊን አራት አውታሮች አሉት፤ ሆዱም በቆዳ የተለበደ ሳይሆን ከስስ እንጨት የተጠረበ ነው፤ ባለሙያውም የሚይዘው በግራ ትከሻውና በአገጩ መካከል አጣብቆ ነው። የግራ እጅ ጣቶች አውታሩን በትክክለኛው ቦታ መርገጥ አለባቸው፤ ይሁን እንጂ ቦታውን የሚያመለክት ምልክት በአንገቱ ላይ የለም። ጣት በጥቂቱ እንኳ ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ዜማው ይበላሻል። ስለዚህ ይህን ሙያ በከፍተኛ ደረጃ የሚይዙት ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምረው በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የሚደክሙ ናቸው፤ የአንድ ቫዮሊን ተጫዋች ሀብቱ ሁሉ በግራ እጁ ጣቶች ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሁበርማን የተወለደው ዲሴምበር 19 ቀን 1882 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በቼንስቶኾቫ ከተማ ነው። በዚያን ዘመን ያ የፖላንድ ክፍል በሩስያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ይተዳደር ነበር። ከተማዋ በክርስቲያኖች ዘንድ የታወቀችው፥ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብሎ በትውፊት በሚነገርላት በእመቤታችን ሥዕል ነው፤ ይህችን ሥዕል ለመሳለም እጅግ ብዙ ሕዝብ በየዓመቱ ወደ ያስና ጉራ ገዳም ይጓዛል። በዚያችው ከተማ ብዙ አይሁድም ይኖሩ ነበር፤ የሁበርማን ወላጆችም ከነዚሁ ወገን ነበሩ። አባቱ በሕግ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበረ፤ የቤታቸው ኑሮ ግን የተትረፈረፈ አልነበረም።

ልጁ የመጀመሪያ ትምህርቱን በዋርሶ ከተማ ከተማረ በኋላ፥ በ1892 ዓ.ም. ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ወደ በርሊን ተወስዶ በዮሴፍ ዮአኪም ፊት ቀረበ። ዮአኪም በዚያን ዘመን ከነበሩት የቫዮሊን መምህራን ሁሉ ስመ ጥሩ ሲሆን፥ የታላቁ የሙዚቃ ደራሲ የዮሐንስ ብራምስ ወዳጅ ነበር፤ ብራምስ ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የደረሰውን ኮንቼርቶ በ1879 ዓ.ም. በላይፕሲግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው እርሱ ነው። ዮአኪም የሕፃኑን አጨዋወት በሰማ ጊዜ ተደነቀ። ነገር ግን መምህሩና ተማሪው በጠባይ አልተስማሙም፤ ልጁም ከሌሎች መምህራን ዘንድ በፍራንክፈርትና በፓሪስ ትምህርቱን ቀጠለ።

ከ1893 ዓ.ም. ጀምሮ ሁበርማን ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ይጫወት ነበር፤ መጀመሪያ ወደ ሆላንድና ወደ ቤልጅግ ሄደ። እኩዮቹ በደጅ ኳስ ሲያባርሩ እርሱ በባቡርና በሆቴል ይኖር ጀመር፤ የሚያገኘውም ገንዘብ ለቤተ ሰቡ ኑሮ ደጋፊ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሸክም በሕፃን ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጉዳይ እያንዳንዱ ወላጅ በራሱ ኅሊና ይመርምረው። ታሪኩ የሚነግረን ግን ይህ ነው፤ ልጅነቱን ያልጠገበው ይህ ሰው፥ ካደገ በኋላ የሰውን ድካምና ጭንቀት ፈጥኖ የሚረዳ ልብ ነበረው።

በ1895 ዓ.ም. ስመ ጥሩዋ ድምፃዊት አዴሊና ፓቲ በቪየና ከተማ የስንብት ትርኢት ስታደርግ ይህን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አብሯት እንዲቀርብ ጋበዘችው። ሕዝቡ በልጁ አጨዋወት እጅግ ስለ ተማረከ፥ በማግሥቱ የከተማው ወሬ ከድምፃዊቷ ይልቅ እርሱ ሆነ። በሚከተለው ዓመት በጃኑዋሪ ወር 1896 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የብራምስን ኮንቼርቶ ተጫወተ፤ ሽማግሌው ብራምስም ራሱ ከሰሚዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ይህ ሥራ ለጎልማሳ ባለሙያ እንኳ የሚከብድ ነው፤ ስለዚህ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይጫወተዋል መባሉን ብዙ ሰው በጥርጣሬ ይመለከተው ነበር። ልጁ ተጫውቶ በፈጸመ ጊዜ ብራምስ እንባ በዓይኑ እንደ ሞላና ልጁን እንዳቀፈው ይነገራል። ደግሞም ልጁ ሕዝቡ በመካከል አጨብጭቦ ዜማውን አቋረጠብኝ ብሎ ቢያማርር፥ ብራምስ ያን ክፍል ያን ያህል አሳምረህ ባልተጫወትከው ነበር ብሎ እንደ ቀለደበት ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

ከጦርነት በኋላ የመጣ አሳብ

ሁበርማን በዝና ላይ ዝና እየጨመረ ሄደ። በዓለም ከታወቁት የቫዮሊን ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኢጣልያዊው አንቶንዮ ስትራዲቫሪ በ1713 ዓ.ም. በክሬሞና የሠራው ውድ ቫዮሊንም የእርሱ ገንዘብ ሆነ። ይሁን እንጂ ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. የቆየው ታላቅ ጦርነት የሰውየውን አሳብ ለወጠው። ትናንት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ቫዮሊኑን ይሰሙ የነበሩት ጀርመኖች፥ ፈረንሳዮች፥ ፖላንዶችና ሩስያውያን በምሽግ ውስጥ እርስ በርሳቸው ሲተላለቁ አየ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ብቻ አልበቃው አለ። በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ በፓሪስ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የኅብረተ ሰብን ጉዳይ እንደ ተራ ተማሪ አጠና፤ የአውሮፓ አገሮች አንድ ኅብረት እንዲሆኑ ይደክሙ ከነበሩት ሰዎች ጋርም ተባብሮ ስለዚሁ አሳብ ንግግር አደረገ፤ መጻሕፍትም ጻፈ። ብዙዎች ሙዚቀኛ ስለ መንግሥት ጉዳይ ምን አገባው እያሉ ይገረሙበት ነበር። እርሱ ግን ሰው በሰላም ካልኖረ ሙዚቃም መኖሪያ እንደማታገኝ የተረዳ ነበር።

የበርሊን ግብዣና የተሰጠው መልስ

በጃኑዋሪ ወር 1933 ዓ.ም. ሂትለር በጀርመን አገር ሥልጣን ያዘ። በአፕሪል ወር የወጣው ሕግ አይሁድን ከመንግሥት ሥራ አስወጣ፤ በጀርመን አገር ብዙዎቹ ኦርኬስትራዎችና የኦፔራ ቤቶች በመንግሥትና በከተማ አስተዳደር የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ፥ አይሁድ የሆኑ ሙዚቀኞችም በአንድ ጊዜ እንጀራቸውን አጡ። ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ሲጫወት የኖረ ሰው በማግሥቱ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ተከለከለ።

በዚሁ ዓመት የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪ ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ለውጭ አገር ባለሙያዎች ደብዳቤ ጽፎ በበርሊን እንዲጫወቱ ጋበዘ፤ ከተጋበዙት አንዱ ሁበርማን ነበር። ፉርትቬንግለር ለአንዳንድ አይሁድ ሙዚቀኞች የተሟገተ ሰው እንደ ነበር ሁበርማን ያውቃል፤ ለግብዣውም ክብር ነበረው። ቢሆንም ሁበርማን አልሄድም አለ። የመልሱም ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ጉዳዩ የጥቂት የቫዮሊን ትርኢቶች ጉዳይ አይደለም፥ የአይሁድም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው በዘሩና በወገኑ ሳይጠየቅ በነፃነት የመኖርና የመሥራት መብቱ የተነካበት ጉዳይ ነው። ለጥቂት ዝነኞች በሩ ተከፍቶ ስማቸው ባልታወቀው በብዙዎቹ ላይ የሚዘጋ ከሆነ፥ በተከፈተው በር መግባት የበደሉ ተባባሪ መሆን ነው። ይህ መልስ በጋዜጣ ታትሞ ዓለም አነበበው። ከሦስት ዓመት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ለጀርመን ምሁራን ሌላ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፥ ክፉውን እያዩ ዝም ያሉትን ሰዎች በብርቱ ወቀሰ።

ኦርኬስትራው እንዴት ተቋቋመ

አልሄድም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለተባረሩት መድረሻ ማበጀት ግን ሌላ ነው። ሁበርማን በ1929 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ፍልስጥኤምን ጎብኝቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ሄዷል። በዚያን ዘመን አገሩን በአደራ ታስተዳድር የነበረችው እንግሊዝ ናት። ቀን በድንጋይና በአፈር ሲደክሙ የዋሉ ሠራተኞች ማታ ሙዚቃ ለመስማት እየተጋፉ ሲመጡ ባየ ጊዜ እጅግ ተነካ። ከዚህም ሁለት ነገሮችን አገናኘ፤ በአውሮፓ ሥራቸውን ያጡ ምርጥ ሙዚቀኞች አሉ፤ እዚህ ደግሞ ሙዚቃ የተራበ ሕዝብ አለ። እንግዲህ ሁለቱን የሚያገናኝ ኦርኬስትራ ማቋቋም ይቻላል ሲል ቆረጠ።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ሁበርማን በአውሮፓና በአሜሪካ እየተዘዋወረ ቫዮሊኑን ተጫወተ፤ ባለጠጎችንም ለመነ። በአሜሪካ የፊዚክስ ሊቁ አልበርት አይንስታይን ስሙንና ድካሙን ሰጥቶ ረዳው። ሁለተኛው ችግር የመግቢያ ፈቃድ ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር ወደ አገሩ የሚገባውን የአይሁድ ቍጥር ወስኖ ነበርና፥ ለሙዚቀኞቹና ለሚስቶቻቸው፥ ለልጆቻቸውም የምስክር ወረቀት ለማግኘት ሁበርማን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ብዙ ተመላለሰ። በአፕሪል ወር 1936 ዓ.ም. ደግሞ በፍልስጥኤም ዐረቦች በእንግሊዝ አስተዳደርና በአይሁድ መግባት ላይ ተነሥተው አገሩ ሁሉ ታወከ፤ ብዙ ሰዎችም ሥራው ለጊዜው ይቅር ብለው ይመክሩት ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን ሦስተኛው ነገር ነው። ሁበርማን ያሰበው የምጽዋት ቤት ሳይሆን በዓለም መድረክ የሚከበር ኦርኬስትራ ነበር። ስለዚህ በየከተማው ሙዚቀኞችን እየፈተነ የሚመርጠው በሙያቸው ብቃት ነበር። ሙያቸው ያነሰ ቢሆን ኖሮ ዓለም ለተባረሩት ያዝንላቸው ይሆናል እንጂ አያከብራቸውም ነበር፤ እርሱ ግን ክብር እንዲያገኙ ይፈልግ ነበር። ሆኖም በአንድ ወንበር ላይ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀራል። በዚያን ጊዜ ፈታኙም ተፈታኙም ነገሩን የሥራ ጉዳይ አድርገው ያዩት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በአውሮፓ አይሁድ ላይ የደረሰው እልቂት ሲገለጥ፥ ያ ፈተና ለብዙዎች የሕይወትና የሞት መለያ እንደ ነበር ታወቀ። ከኦርኬስትራው አባሎች ጋር ቤተ ሰቦቻቸውና ሌሎችም በመግባታቸው፥ በሁበርማን ድካም አንድ ሺህ ያህል ነፍስ እንደ ተረፈ ይገመታል።

የኦርኬስትራውን መክፈቻ እንዲመራ የተለመነው ኢጣልያዊው አርቱሮ ቶስካኒኒ ነው። ይህ ሰው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ታሪክ እንግዳ ያልሆነውን ፋሺዝምን የጠላ ሰው ነበር፤ በ1931 ዓ.ም. በቦሎኛ ከተማ የፋሺስቶቹን መዝሙር አላስመታም በማለቱ በአደባባይ ተደብድቧል። የሙሶሊኒ ሠራዊት አዲስ አበባን በያዘበት በዚያው በ1936 ዓ.ም. ይህ ኢጣልያዊ በሂትለር የተባረሩትን ሙዚቀኞች ሊያገለግል መርከብና አይሮፕላን ተሳፍሮ መጣ፤ ዋጋም ሆነ የመንገድ ወጪ አልቀበልም አለ። እርሱ ከመድረሱ አስቀድሞ ኦርኬስትራውን ያለማመደው ከፍራንክፈርት ኦፔራ የተባረረው ሐንስ ቪልሄልም ሽታይንበርግ ነበር።

ዲሴምበር 26 ቀን 1936 ዓ.ም. በቴል አቪቭ ከተማ፥ ለንግድ ትርኢት በተሠራ አዳራሽ ውስጥ፥ ሰባ ያህል ሙዚቀኞች ያሉበት የፍልስጥኤም ኦርኬስትራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። በዚያ ምሽት ከቀረቡት ሥራዎች መካከል የብራምስ ሁለተኛ ሲምፎኒ ነበረበት፤ ደግሞም በትውልዱ አይሁድ በመሆኑ በጀርመን አገር እንዳይሰማ የተደረገው የሜንደልስዞን ሙዚቃ ተሰማ። ኦርኬስትራው ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌምና በሃይፋ፥ ቀጥሎም በግብፅ በካይሮና በእስክንድርያ ተጫወተ።

ሁለት ፈተናዎች

ይህ ሁሉ ሲሠራ ሁበርማን ራሱ ከመከራ አላመለጠም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1936 ዓ.ም. ለኦርኬስትራው በሚደክምበት ወቅት በኒው ዮርክ ከተማ በካርኔጊ አዳራሽ ይጫወት ነበር። በዚያ ምሽት በሌላ ቫዮሊኑ ሲጫወት፥ የስትራዲቫሪው ቫዮሊን በልብስ መለወጫው ክፍል ተቀምጦ ነበር። ተጫውቶ ሲመለስ ግን ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ቆየው። ይኸው ቫዮሊን በ1919 ዓ.ም. በቪየና አንድ ጊዜ ተሰርቆ በጥቂት ቀን ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልተገኘም። የኢንሹራንስ ድርጅት 30,000 ዶላር ከፈለው፤ ቫዮሊኑን ግን ሁበርማን እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አላየውም። ስለ ዕቃው ብሎ ግን የጀመረውን ሥራ አልተወም።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የባሰ ነበር። በኦክቶበር ወር 1937 ዓ.ም. የተሳፈረበት አይሮፕላን በሱማትራ ደሴት ላይ ወደቀ። ከአደጋው በሕይወት ቢወጣም የግራ እጁ አንጓና ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። አንባቢ ሆይ፥ በመጀመሪያ ስለ ግራ እጅ የነገርንህን አስታውስ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 54 ዓመት ነበር፤ ብዙ ሰው ከእንግዲህ ቫዮሊን አይነካም ሲል ተስፋ ቆረጠ። እርሱ ግን እንደ ጀማሪ ልጅ ከታች ተነሥቶ ጣቶቹን እንደ ገና አስተማራቸው፤ ከረጅም ድካምም በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ።

ፍጻሜውና ከእርሱ በኋላ የሆነው

ሁበርማን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ ቤቱ መመለስ ስላልቻለ አብዛኛውን የጦርነት ዘመን በአሜሪካ አሳለፈ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ስዊስ አገር ተመለሰ። ነገር ግን ሰውነቱ በድካም አልቆ ነበርና ጁን 16 ቀን 1947 ዓ.ም. በቬቬ አጠገብ በኮርስየ ከተማ በ64 ዓመቱ ዐረፈ። ያቋቋመው ኦርኬስትራ በ1948 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት ሲመሠረት የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ።

የተሰረቀው ቫዮሊንስ ምን ሆነ? ሌባው ራሱ ወጣት ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ዕቃው እንዳይታወቅበት የጫማ ቀለም ቀብቶ ለሃምሳ ዓመት ያህል በየምግብ ቤቱና በየትርኢቱ ሲጫወትበት ኖረ። በ1985 ዓ.ም. በወኅኒ ቤት ታሞ ሊሞት በቀረበ ጊዜ ምስጢሩን ለሚስቱ ተናዘዘ። ቫዮሊኑም ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ተመለሰ፤ ቀለሙ በጥንቃቄ ከተጠረገ በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም. ከቪየና ተሰዶ እንግሊዝ የገባው ኖርበርት ብራይኒን በ1988 ዓ.ም. ገዛው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ጆሹዋ ቤል ገዛውና ከሁበርማን ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተበት።

የሁበርማን የትውልድ ከተማ ዕጣ ግን አሳዛኝ ነው። ናዚዎች ዲሴምበር 25 ቀን 1939 ዓ.ም. የቼንስቶኾቫን አዲሱን ምኵራብ አቃጠሉ፤ የከተማዋ አይሁድም አብዛኞቹ በ1942 ዓ.ም. ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ በተቃጠለው ምኵራብ መሠረት ላይ የከተማዋ የሙዚቃ አዳራሽ ተሠራ፤ ዛሬም በሁበርማን ስም ይጠራል። በ2009 ዓ.ም. ጆሹዋ ቤል ወደዚያ አዳራሽ መጥቶ በሁበርማን ቫዮሊን ተጫወተ። ሰዎቹ አልፈዋል፤ ምኵራቡም የለም፤ የቫዮሊኑ ድምፅ ግን በዚያች ስፍራ ተሰማ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ሁበርማን በሕፃንነቱ ስጦታው የቤተ ሰቡ እንጀራ ነበር፤ በጎልማስነቱ የራሱ ዝና ሆነ፤ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ግን የተቀበለውን መክሊት ስማቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች ከፈለው። በርሊን ሄዶ ቢጫወት ጭብጨባው ባልቀረበት፥ ገንዘቡም ባልጎደለበት ነበር። ልጆቻችን በትምህርትም ሆነ በእጅ ሙያ ከሌሎች የበለጡ ሆነው ስናያቸው፥ ምን ያህል ታገኛለህ ብለን ከመጠየቃችን አስቀድመን፥ ለማን ትተርፋለህ ብለን ብንጠይቃቸው መልካም ነው።